ሰፊ እንፈልጋለን

ባለፈው ሴሚስተር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉርድ ሾላ ያለ ሕንፃ ደረጃ ላይ ከምድር ቤት እስከ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ሰው ያሰለፍኩት እኔ ነኝ። ያሰለፍኩትም በሦስት መስመር ጽሑፍ ነው። የማርኬቲንግ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩ ሰልፉን ሳይ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ነበር። መምህራችን «ማስረጃ የሌለው ስኬት ወሬ ነው» ይሉናል። ቪዲዮው አሁንም አለኝ። ከጀርባ የራሴ ድምፅ «እናመሰግናለን፣ እናመሰግናለን፣ ለሁላችሁም ይደርሳል» ሲል ይሰማል። መምህራችን በኋላ ሪፖርቴ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ተደራሽነት፦ እጅግ ከፍተኛ። ዒላማ፦ ሌላ ሰው» ብለው ጽፈውበታል።

ነገሩ የጀመረው በቤት ሥራ ነው። እያንዳንዳችን አንድ አነስተኛ ንግድ ፈልገን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹን ለአንድ ወር እንድንመራ ታዘዝን። የክፍል ጓደኞቼ ቦሌ ያሉትን ካፌዎችና ፀጉር ቤቶች ተሻሙባቸው። እኔ የማውቀው ነጋዴ አንድ ብቻ ነበር፤ የእናቴ ጓደኛ፣ እትዬ የምላቸው፣ የልብስ ስፌት ቤት ያላቸው ሴትዮ። ሄጄ ስጠይቃቸው «ይሄ ገጽ የምትይው ምንድን ነው የሚበላው?» አሉኝ።

«ምንም አይበላም እትዬ። ፎቶ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ግቢ» አሉ።

ስፌት ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው የተሰፋ ልብስ ይሰቀላል፤ በኋለኛው ሦስት የስፌት መኪና አለ። ሁለቱ ላይ ሰው የሚቀመጠው በዓል ሲደርስ ነው። ሦስተኛው፣ መስኮቱ ሥር ያለው፣ የጋሼ ነው። ሱቁ መንገድ ዳር የቆመ አንድ የቆርቆሮ ክፍል በነበረበት ጊዜ ያለው አንድ መኪናና አንድ ወንበር ብቻ ነበር፤ ወንበሩ ላይም ጋሼ ነበሩ። አካባቢው እንደ ሊጥ ኩፍ ሲል፣ ቆርቆሮው ፈርሶ ሕንፃው ሲወጣ፣ እትዬ አዲስ ወንበር ሊገዙላቸው ቢሉ እምቢ ብለው የድሮውን በትከሻቸው ተሸክመው ሁለት ፎቅ ወጡ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፏት ትራስ አለች፤ ማንም አይቀመጥባትም። አንድ ቀን ሳላውቅ ተቀመጥኩባት። ጋሼ እስክነሳ ድረስ ቆመው ጠበቁኝ።

የደንበኞችን ልኬት የሚጽፉበት ደብተር አላቸው። ስም ግን አይጽፉም። «ሆዱ ቀድሞት የሚገባ»፣ «ቀኝ ትከሻው የወደቀ»፣ «ሁልጊዜ ነገ ሠርግ አለብኝ የሚል» እያሉ ነው የሚጽፉት። ደብተሩን ከእሳቸው በቀር ማንም ሊያነበው አይችልም፤ ደንበኛ ደግሞ እንዲያነበው አይደረግም።

ቤታቸው ቦሌ ለሚ ነው። አባታቸው ያርሱ የነበረው እዚያው፣ የልብስ ፋብሪካዎቹ ያሉበት ኢንዱስትሪ ፓርክ የቆመበትን መሬት ነበር። «አባቴ ጤፍ ሲዘራበት ጤፍ አበቀለ» ይላሉ። «አሁን ደግሞ ሱሪ ያበቅላል። መሬቱ መቼም ደግ ነው።» እኔን «ኢንተላ» ነው የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ እንደማለት።

ገጹን በከፈትኩ በመጀመሪያው ሳምንት የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ምንም ብለጥፍ ሰው የሚጽፈው አንድ ቃል መሆኑን ነው፦ «ዋጋ»። ቀሚስ ስለጥፍ «ዋጋ»። ኮት ስለጥፍ «ዋጋ»። አንዴ የአበባ ሥዕል አድርጌ «መልካም በዓል» ብዬ ብለጥፍ አንድ ሰው ከሥሩ «ዋጋ ከነማድረሻው» ብሎ ጻፈ። መልሱም የታወቀ ነው፤ የከተማው ሻጭ ሁሉ «በውስጥ መስመር» ነው የሚለው። እኔም እንደዚያው እል ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«ሰው ፊት ለፊት ዋጋ ሲጠይቅሽ፣ ጆሮው ሥር ሄደሽ ነው የምትነግሪው?»

«ገበያው እንዲህ ሆኗል ጋሼ።»

«ሾላ ገበያ አንዲት ቃሪያ ሻጭ እንዲህ ብታደርግ ሐሜት መስሎት አገር ይሰበሰብባታል።»

በሁለተኛው ሳምንት መምህራችን አንድ ዕድል ሰጡኝ። ቦሌ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ለማርኬቲንግ ባለሙያዎች የአንድ ቀን ሥልጠና ነበር፤ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያና ስለ ኢንተርኔት አዝማሚያዎች። በር ላይ ስም የሚመዘግብ ተማሪ ፈለጉና እኔ ተላክሁ። ምዝገባው ሲያልቅ ከኋላ ተቀምጬ እንድከታተል ተፈቀደልኝ። ባለሙያዎቹ ሁሉ አንገታቸው ላይ መታወቂያ አንጠልጥለዋል። ሁሉም ስልካቸውን ያያሉ። የሚጽፍ ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ አሠልጣኙ ቀስ በቀስ ለእኔ ብቻ ማስተማር ጀመረ። በጣም ጥብቅ ያለ ሱሪ ስለለበሰ ወንበር ሲሰጡት አልተቀመጠም።

«ዕቃህን ቀድመህ አታሳይ» አለ። «ሰው ያየውን ይረሳል፤ ያላየውን ይፈልጋል። አታብራራ። ያብራራህ ቀን ሰው ያልፍሃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በራስህ አፍ አትናገር። ተራ ነጋዴ ‘አለን’ ይላል። ብልህ ነጋዴ ግን ደንበኛው ‘እንፈልጋለን’ ሲል ያሰማል።»

ይህን የመጨረሻውን በማስመሪያ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ወፍራም ሰውዬ እጃቸውን አወጡ። «ደንበኛው ‘ዋጋ’ ብቻ እያለ ቢያስቸግርስ?»

አዳራሹ ሁሉ ከስልኩ ቀና አለ። አሠልጣኙ ውኃ ጠጣና የሻይ ሰዓት መድረሱን ነገረን።

በዚያው ሰሞን ሰፋፊ ሱሪ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ቪዲዮ በሚለቁት ልጆች እግር ላይ ነፋስ የሚነፋው ሱሪ በየቀኑ ይታያል። እትዬ ነገሩን ቶሎ አዩና ሁለት ጣቃ ጨርቅ ገዝተው መጡ። ጋሼ ጨርቁን ወደዱት፤ ልኬቱን ሲሰሙ ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ሱሪ አይደለም። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቀሚሶች ናቸው።»

«ልጆቹ የሚፈልጉት እሱን ነው ጋሼ» አሉ እትዬ።

«እነዚሁ ልጆች አይደሉም እንዴ ትናንት ሱሪ አጥብብልን እያሉ ቁም ስቅሌን ያሳዩኝ? እግራቸው አልገባ ሲል ፌስታል አጥልቀው አልነበር ሱሪያቸውን የሚለብሱት? አሁን ደግሞ አንዱ ሱሪ ውስጥ ከነወንድሙ ሊገባ ነው።»

«ደንበኛ የፈለገውን ነው የምንሰፋው።»

«እንግዲያው ደንበኛ ይስፋው።»

ያም ሆኖ ቅዳሜ እስኪመሽ ስድስት ሱሪ ሰፍተው ሰቀሉ። ስፌታቸው እንደ ማስመሪያ የቀና ነበር፤ በንዴት ሲሰፉ ይበልጥ ያምርባቸዋል። ስድስተኛውን ሰቅለው ሲጨርሱ ኮታቸውን ለበሱና በሩ ላይ ቆመው «ሰባተኛውን ሌላ ሰው ይስፋው» አሉ።  እኔ ከጥግ ሆኜ የሱሪዎቹን ፎቶ እያነሳሁ ነበር።

ሰኞ ዕለት ከሰዓት ዘመቻዬን አዘጋጀሁ። ደብተሬ ላይ የሦስት ቀን ዕቅድ አወጣሁ። የመጀመሪያው ቀን ዕቃው አይታይም፤ ማብራሪያ የለም፤ የሚናገረው ደንበኛው ነው። ጥቁር መደብ ላይ በነጭ ትልልቅ ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ሰፊ እንፈልጋለን!
ጉርድ ሾላ፣ እትዬ ስፌት ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ።
ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይምጡ።

ለእትዬ አሳየኋቸው። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ሰፊ ሱሪ ሲጨነቁ ስለከረሙ አንዴ አይተው «ጥሩ ነው፤ ፊደሉም ትልቅ ነው» አሉ። ጋሼ በዚያ ሰዓት ክር ሊገዙ ወጥተው ነበር። ቢኖሩም ኖሮ አላሳያቸውም ነበር፤ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር እሳቸውን የሚመለከታቸው አልመሰለኝም።

ለጠፍኩት። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው የወደደው ጽሑፌ አሥራ አንድ ሰው የወደደው ነበር፤ ከአሥራ አንዱ አራቱ ቤተሰቦቼ ናቸው። ይሄኛው ግን ገና ቤቴ ሳልደርስ እየተቀባበሉት ነበር። አንዱ ለሌላው ይልካል፣ ሌላው ለጓደኛው ይልካል። አንድ ትልቅ የቴሌግራም ቻናልም ወስዶታል፤ ምን የሚለጥፍ ቻናል እንደሆነ ግን ገብቼ አላየሁም። ከሥሩ ጥያቄ ይጎርፋል። እኔም ታክሲ ውስጥ ሆኜ በትጋት እመልሳለሁ።

«ሴትም ይቻላል?» አለች አንዷ።

«ለሴትም ለወንድም ነው» ብዬ መለስኩ።

«ልምድ ለሌለውስ?»

«አንዴ ከሞከሩት ይለመዳል» አልኩ፤ ከፈገግታ ምልክት ጋር።

አንዱ «ዋጋ» አለ። «በውስጥ መስመር» አልኩት። እሱ ብቻ ነበር የገባው፤ ቢሆንም እሱም ሁሌ የሚለውን ማለቱ ነበር።

በማግስቱ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብዬ ስደርስ ደረጃው ሞልቷል። እየተሹለከለክሁ፣ እያመሰገንኩ፣ እየቀረጽኩ ወጣሁ። ያልጠበቅሁት ነገር ዕድሜያቸው ነበር። ቪዲዮ የሚለቁ ልጆች ይመጣሉ ብዬ ሳስብ፣ ከፊት የቆሙት ጋቢ የለበሱ፣ ጢማቸው የሸበተ ትልቅ ሰው ናቸው። ሰፊ ሱሪ ትልቅ ሰውም ይፈልጋል ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። በሩን ከፈትኩና ወደ ተሰቀሉት ሱሪዎች እየመራኋቸው ልኬታቸውን ጠየቅሁ።

«የእርስዎ ስንት ነው አባቴ?»

«ሃያ ስምንት» አሉ ቀና ብለው።

ሆዳቸውን አየሁ። «ሃያ ስምንት ትንሽ የሚያንስዎት አይመስልዎትም?»

ፊታቸው ተለወጠ። «ሃያ ስምንት ዓመት አነሰ? ለመሆኑ አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?»

ከኋላቸው የነበረች ልጅ ፋይል ይዛለች። «እኔ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው የመጣሁት፤ የልምድ ማስረጃ አለኝ» አለች። ከእሷ በኋላ የቆመው ረጅም ሰውዬ አንገቱን አስግጎ «እህት፣ ፈተናው በእጅ ነው በመኪና?» ሲል ጠየቀኝ።

«የምን ፈተና?»

«የስፌት ነዋ። ሰፊ እንፈልጋለን አላላችሁም?»

ያን ጊዜ ነው ጽሑፌን እንደ ሰው የሰማሁት። እኔ «ፊ»ን አጥብቄ ነበር የጻፍኩት፤ ሰፊ ሱሪ ለማለት። ሰው ደግሞ አላልቶ አነበበው፤ ልብስ ሰፊ። ፊደሉ ያው አንድ ነው። ማጥበቄ እኔ ጋ ቀረ እንጂ ጽሑፉ ላይ አልወጣም።

«ሰፊ እኮ ነው የፈለግነው» አልኩ፤ አጥብቄ።

«እኛስ ምንድን ነን?» አለ ረጅሙ ሰውዬ፤ አላልቶ።

እትዬ ደረጃውን ሲወጡ ድምፃቸው ቀደማቸው። ሥራ ቦታ ደጅ ላይ ይህን ያህል ሰው በጠዋት ቆሞ ሲያዩ የመጣላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማን ሞተ? ኧረ ንገሩኝ፣ ማን ሞተብን?» እያሉ ገቡ። ነገሩን ሳስረዳቸው እስከ ግማሽ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ኋለኛው ክፍል ሄደና ሳቃቸው ቆመ። ወንበሩ መስኮቱ ሥር አለ። ትራሷ የለችም። መቀሱ የለም። ደብተሩም የለም።

የሕንፃው ጥበቃ ደረጃውን ወጥቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ቁልፍ ሰጣቸው። «ጋሼ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት መጥተው ነበር» አለ። «‘መቀሱ የራሴ ነው በላት’ ብለዋል። ሌላ ምንም አላሉም። አዎ፣ ‘ደረጃው መብራት የለውም፤ አዲሱ ሰው እንዳይወድቅ’ ብለዋል።»

እትዬ ወንበሩ አጠገብ ቆሙ፤ አልተቀመጡበትም። ስልክ ደወሉ፤ ዝግ ነው። «ሰባተኛውን ሌላ ሰው ይስፋው ብለውኝ ነበር» አሉ ለራሳቸው። «ሌላ ሰው የፈለግሁ መሰላቸው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብለው «በዚህ ዕድሜ ሌላ ወንበር ላይ ሄደው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ካልመለስናቸው ቤታቸው ተቀምጠው ይቀራሉ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰልፈኞቹን በይቅርታ ሸኘን። አንዳንዱ ተናደደ፤ አንዳንዱ ሳቀ። ረጅሙ ሰውዬ የታክሲዬን እንኳ ላውጣበት ብሎ አንዱን ሰፊ ሱሪ በቅናሽ ገዝቶ ሄደ። ጋቢ የለበሱት ትልቅ ሰው ግን አልሄዱም። ወንበሩን ከፊትም ከኋላም አዩት።

«ይሄ ሰው ያለው ወንበር ነው» አሉ። «እኔ ሥራ ፈላጊ ነኝ እንጂ ሰው ነቃይ አይደለሁም። ቤታቸው የት ነው?»

«ቦሌ ለሚ» አሉ እትዬ።

«ኑ እንሂድ። በስልክ የሚታረቅ ነገር አይደለም። እኔ ሽማግሌ እሆናለሁ፤ መቼም ዛሬ ሌላ ቀጠሮ የለኝም።»

ከመንገድ ዳር ሙዝ ገዛን፤ ሽማግሌያችን ባዶ እጅ አይኬድም ስላሉ። ሁለት ታክሲ ቀያይረን በጎሮ በኩል ሄድን። መንገዱን ሁሉ እትዬ ምን እንደሚሉ ይለማመዳሉ፤ ሽማግሌያችን ያርሟቸዋል፤ እኔ ሙዙን ታቅፌ ደብተሬን አገላብጣለሁ። ዕቅዴን አይተው እንዲያምኑኝ ብዬ ነበር ደብተሩን የያዝኩት።

በሩ ላይ ቆመን ሽማግሌያችን «ቤቶች» ብለው ተጣሩ። የጋሼ ባለቤት ወጡ። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ሴትዮ፣ ሙዝ የታቀፈች ልጅ በር ላይ ቆመው አዩ። ሁለት ያላገቡ ሴቶች ልጆች አሏቸው። ፊታቸው በራ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ግቡ፣ ግቡ። ለየትኛዋ ነው?»

ሽማግሌያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለሱሪ ነው የመጣነው እመት።»

ጋሼ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የጎረቤት ብርድ ልብስ ጠርዝ ይሰፋሉ። ትራሷ ከሥራቸው አለች። ሲያዩን ተነሱ፤ ሰላም አሉን፤ «ተቀመጡ» አሉን።

«አንቀመጥም» አሉ ሽማግሌያችን። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«ጉዳያችሁን ሰምቻለሁ» አሉ ጋሼ። «ትናንት ማታ የሰፈር ልጅ መጥቶ ነግሮኛል። ‘ጋሼ፣ እርስዎ ቤት ሰፊ ይፈለጋልና ያስገቡኝ’ አለኝ። በራሴ ወንበር ላይ አማላጅ ይሁኑኝ ማለቱ ነው።»

እትዬ የተለማመዱት ሁሉ ጠፋባቸው። «ጋሼ፣ እርስዎን ትቼ ማንን ልፈልግ?»

«ሌላ ሰው ይስፋው አልኩሽ፤ ሌላ ሰው ፈለግሽ። ያልኩትን ነው ያደረግሽው፤ በዚህ አልከፋም። የከፋኝ ሌላ ነው። ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ብትነግሪኝ ምን ነበር? ቤት የሚያፈርሱት እንኳ አስቀድመው በቀይ ቀለም ምልክት ያደርጋሉ። እኔን አገር ካወቀ በኋላ አወቅሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የመናገር ተራው የእኔ እንደሆነ ገባኝ። «ጋሼ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰፊ ማለቴ ሰፊ ሱሪ ነው። ፊው ይጠብቃል።»

«የታል? አሳዪኝ።»

ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አላልተው አነበቡ። ለባለቤታቸው ሰጡ፤ እሳቸውም አላልተው አነበቡ። ሽማግሌያችንም እንደገና አነበቡት፤ እንደ ጠዋቱ ላላ። «መጥበቂያው የት አለ ኢንተላ?» አሉኝ ጋሼ።

«በሆዴ ነው ጋሼ።»

«አገር ሆድሽን አያነብም።»

ያኔ ደብተሬን አወጣሁ። «ዕቅዴን ይዩት። የሦስት ቀን ነው። ካዩት ሱሪ መሆኑ ይገባዎታል» ብዬ ገጹን ገልጬ ሰጠኋቸው። በእንክብካቤ የተጻፈ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ጋሼ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«ቀን አንድ፣ ሰፊ እንፈልጋለን።» ቀና ብለው አዩኝ። «ቀን ሁለት፣ ሰፊ መጣ።» እትዬን አዩ። «መጣ? ማን ነው የመጣው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌያችን። «ግን አልተቀመጥኩም።»

ጋሼ ወደ ደብተሩ ተመለሱ። «ቀን ሦስት፣ ሰፊ በቅናሽ።»

ደግመው አነበቡት። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። የተናደዱ መሰለኝና ሙዙን አጥብቄ ያዝኩ።

«ሰፊ በቅናሽ» አሉ ለባለቤታቸው። «ሰማሽ? በሦስተኛው ቀን በቅናሽ ልትሸጠኝ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቁት ባለቤታቸው ናቸው። «በቅናሽም ቢሆን የሚወስዳቸው ካገኘሽ ለእኔም ንገሪኝ» አሉኝ። ከዚያ ሽማግሌያችን፣ ከዚያ እትዬ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ጋሼ ሳቅ ሲይዛቸው ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነሳው። ትከሻቸው ብዙ ጊዜ ተነሳ።

«ጉድ እኮ ነው» አሉ ሲያበቁ። «ፊው ሲጠብቅ ሱሪው ይሰፋል፤ ሲላላ እኔ እሰፋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳጠብና ሳሰፋ ኖሬ እንዲህ ያለ ጨርቅ አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲህ እንቀመጥ?» አሉ ሽማግሌያችን። እግራቸው ደክሞ ነበር።

ተቀመጥን። ሙዙ ተበላ። ጋሼ ግን አንድ ነገር ጠየቁ። «በአገር ፊት የተባለ በአገር ፊት ይመለስ። እዚያው ገጽሽ ላይ ትጽፊያለሽ። እኔ የምልሽን ብቻ፤ ከሆድሽ አንዳች አትጨምሪም።»

በማግስቱ ስደርስ ትራሷ ቦታዋ ተመልሳለች። ሽማግሌያችን ሁለተኛው መኪና ላይ ተቀምጠው ቁልፍ ይተክላሉ፤ በዓል ስለደረሰ ለጊዜው ነው ተብሏል። ጋሼ ሰባተኛውን ሰፊ ሱሪ እየጨረሱ ነበር። ማንም እንዲሰፉት አልጠየቃቸውም። ሰፍተው ሲያበቁ ከኋላቸው ሰቀሉት፤ ኮታቸውን ለብሰው ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡና «አንሺ» አሉኝ። አነሳሁ። ከሥሩ የሚጻፈውን ቃል በቃል ነገሩኝ፦

ሰፊ አግኝተናል። ድሮም ነበረን።

«ጋሼ፣ ‘ልብስ ሰፊ’ ብንል አይሻልም? ሰው እንዳይምታታበት» አልኩ፤ ከስህተቴ የተማርኩ መሆኔን ላሳያቸው።

«ተይው። ያጠበቀም ያላላም ፎቶው ላይ ሁለቱንም ያገኛል።»

ለጠፍኩት። ጋሼ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ጆሯቸው ግን እኔ ጋ እንዳለ አውቃለሁ፤ መኪናው ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። አየሁትና ቶሎ ገለበጥኩት።

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም ጋሼ።»

«አንብቢ እንጂ።»

እትዬ ከፊተኛው ክፍል ብቅ አሉ። ማምለጫ አልነበረኝም። «‘ዋጋ’ ይላል» አልኩ።

መኪናው ቆመ። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው ስልኩን፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«የሱሪውን ነው የኔን?»

«አልለየውም ጋሼ።»

 ከዚያ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ፤ ጨርቁን አስተካከሉና እግራቸውን ወደ ፔዳሉ መለሱ።

«በውስጥ መስመር በያቸው» አሉ።